የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰከንድ፦ ሽቦ ገፊ ማሽን ቡሬ ላይ ሲፈተን

ሲኦቱ ማሽን፣ ማለትም ሽቦ እየገፋ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚበይድ ማሽን፣ ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት አምፔር ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሩን በትልቁ ይለጥፍበታል። 250፣ 350፣ 500። በእጁ ለሚበይድ ሰው ጥያቄው ክፋት የለውም። ቶርቹን (ሽቦው የሚወጣበትን የመበየጃ እጀታ) አስሮ፣ ሥራውን የሚዞር ጠረጴዛ ላይ ጭኖ፣ ማሽኑ ራሱ እንዲበይድለት ለሚፈልግ ሰው ግን አምፔር ሁለተኛ ነገር ነው። ጣጣው ያለው አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) በሚነሳባት የመጀመሪያ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ነው። እሷን የሚያበላሻትም የሚያሳምራትም የሽቦው አመጣጥ ነው።

ወርክሾፓችን ቡሬ ነው። ወደ ነቀምቴ ከሚገነጠለው መንገድ ብዙም አይርቅም። የበቆሎ መፈልፈያ እንሠራለን፣ የጋሪ አክስል እንሠራለን፣ በበጋ ደግሞ የመስኖ ቱቦ ላይ ፍላንጅ (ቱቦን ከቱቦ የሚያያይዝ ክብ ላሜራ) እንበይዳለን። ሦስቱም ውስጥ ክብ ብየዳ አለ። ቱቦውን ክብ ላሜራ ላይ አቁሞ ዙሪያውን መበየድ። አንድ ሁለቱን በእጅ መሥራት ደስ ይላል። በቆሎ ሊሰበሰብ ሲቃረብ ግን ትእዛዙ ይደራረባል፣ የበያጁ እጅ ይዝላል፣ መስመሩም እንደ ልብ አይሄድም። ስለዚህ የሚዞር ጠረጴዛ ሠራን። ሞተር ከነጊር ቦክሱ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ቶርቹን ጨምድዶ የሚይዝ ክንድ። ለጠረጴዛው የሚሆን ማሽን ሽቦውን ከሚገፋው ክፍል ከነፊደሩ ከመርካቶ አስመጣን። የምገመግመው እሱን ነው።

ስሙን አልጽፍም። ይቺው ማሽን ከነሰማያዊ ቀለሟ፣ ጎን ለጎን ባሉ ሱቆች የተለያየ ስም ተለጥፎባት አይቻታለሁ። የዛሬ ስሟን ብነግራችሁ በሚቀጥለው መርከብ ሌላ ይዛ ትመጣለች። ዋጋውንም አልጽፍም፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይለወጣል። የሚጠቅማችሁ ውስጧ ነው። 350 አምፔር የምትል ኢንቨርተር ናት፣ በ380 ቮልት የምትሠራ። ፊደሯ ለብቻው ሳጥን ውስጥ ነው። 15 ኪሎ የሽቦ ጥቅል ይይዛል፣ ሽቦውን ይዘው የሚገፉ አራት ሮለር አለው፣ የቶርቹ መግጠሚያ ዩሮ ኮኔክተር ነው። እኛ 1.0 ሚሊ ሜትር ሽቦ በንጹህ ሲኦቱ ጋዝ እንጠቀማለን።

እንደመጣች ሳንነካካት ጠረጴዛው ላይ ሞከርናት። አርኩ ከተነሳ በኋላ ያለው ብየዳ ሸጋ ነው። ዙሩን እንደ ማሽን ሥራ ለብሶ ይወጣል። መነሻው ግን ጉድ ነው። «ጠ፣ ጠ፣ ጠ» ይላል፣ ፍንጣሪው የቶርቹን አፍ፣ ኖዝሉን ይሞላዋል። ጠረጴዛው ደግሞ የአርኩን መነሳት ሳይጠብቅ ዞሮ ሄዷል። መነሻው ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ያልተበየደች ቦታ ትቀራለች። በፍላንጅ ላይ እዚያች ቦታ ውኃ ይወጣል።

በእጅ የሚበይድ ሰው ይህን ችግር ሳያስተውለው ያስተካክለዋል። አርኩ ካልተነሳ እጁን ትንሽ ያነሳል፣ ይጠብቃል፣ ሲነሳ ይቀጥላል። ከመጀመሩ በፊትም የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ቀጭ ያደርጋታል። የታሰረ ቶርች ይህን አያደርግም። በያጁ በልምድ የሚሸፍነውን ሁሉ ፊደሩ መሸፈን አለበት።

ረዳቴ ስልኩ ፊት የመበየጃ መስታወት አድርጎ፣ በዝግታ የሚያሳይ ቪዲዮ ቀረጸው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሽቦው ሲመጣ፣ ብረቱን ሲመታ፣ ሲጎብጥ፣ ከዚያ መሃሉ ላይ እንደ ፍም ቀልቶ ሲበጠስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተበጠሰው ቁራጭ ተፈናጥሮ ይሄዳል፣ አርኩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ከኋላ ያለው ሽቦ መጥቶ እንደገና ይመታል። «ጠ፣ ጠ፣ ጠ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ሽቦውን በደቂቃ 8 ሜትር እንዲሄድ አድርገነዋል። በሰከንድ ሲሰላ ከ13 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ፍጥነት መጥቶ ብረቱን ሲነካ፣ ኤሌክትሪኩ ገና ከዜሮ ተነስቶ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ጫፉን ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት እስኪፈጠር ፊደሩ አይጠብቅም፣ መግፋቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሽቦው ከጫፉ በመቅለጥ ፈንታ ወገቡ ላይ ይቃጠላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ሽቦው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይምጣ። ብረቱን ነክቶ አርኩ መነሳቱ ሲታወቅ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ይግባ። ይህን የመግቢያ ፍጥነት ልንለው እንችላለን። ደህና የሚባሉ ማሽኖች ሁሉ አላቸው።

የኛዋም አላት፤ ግን ደብቃዋለች። የፊደሩን የጎን ክዳን ስትከፍቱ ከሮለሮቹ በላይ፣ በቀጭን ካቻቢቴ የሚዞሩ ሁለት ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች አሉ። ምንም ጽሑፍ የለባቸውም። አንደኛው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ተስሏል፣ ሌላኛው ላይ የሽቦ ጫፍ የሚመስል ነገር። የመጀመሪያው የመግቢያ ፍጥነት ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው የሚመጣው። ይኼ ማለት ዝግታ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ለምን እንዲህ እንደሚልኩት ይገባኛል። ሱቅ ውስጥ ሻጩ ቶርቹን ሲጫን ሽቦው ወዲያው ፈጥኖ ከወጣ ገዢው «ጎበዝ ማሽን» ይላል። ቀስ ካለ «ደካማ ነው» ብሎ ይሄዳል።

ዝቅ እያደረግን ሄደን ከሙሉ ፍጥነቱ ሲሶ አካባቢ ላይ አቆምነው። በደቂቃ 3 ሜትር ገደማ፣ በሰከንድ 5 ሳንቲ ሜትር። ልዩነቱ ወዲያው በጆሮ ይሰማል። የሚንጣጣው ድምፅ ቀርቶ አንድ አጭር «ቺስ» ብሎ ይነሳል። ከዚህ በታች ብናወርደው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በዚህ ፍጥነት፣ የሽቦው ጫፍ ከብረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛውም አይፈጅበትም። 1 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ግን የሰከንድ አንድ አምስተኛ ይሄዳል። ፍጥነቱን ባወረድን ቁጥር ጠረጴዛው የሚጠብቀው ጊዜ ይረዝማል፣ ጋዝም ያለ ሥራ ይፈሳል። ስለዚህ ዝግታው ብቻውን አይበቃም። የሽቦው ጫፍ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት። እሱ ደግሞ የሚወሰነው ያለፈው ብየዳ ሲያልቅ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የሚቀጥለው መነሻ የሚበላሸው ያለፈው ማቆሚያ ላይ ነው። ብየዳው ሲያበቃ ሞተሩ ትእዛዝ ቢደርሰውም ወዲያው ቀጥ አይልም፣ ትንሽ ይሮጣል። ኤሌክትሪኩ አብሮት ቢቆረጥ ሽቦው የቀለጠው ብረት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሥራ ከቶርቹ ጋር ተበይዶ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ማሽኑ ሞተሩን ካቆመ በኋላ ኤሌክትሪኩን ለጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ያቆየዋል፣ ጫፉም ተቃጥሎ ይላቀቃል። ሁለተኛዋ የካቻቢቴ መቆጣጠሪያ ይህችን ጊዜ ነው የምትወስነው። ሲበዛ ሽቦው ወደ ላይ እየተቃጠለ ሄዶ ከቲፑ (ሽቦው ከሚወጣባት ትንሽ የመዳብ ጫፍ) ጋር ይጣበቃል። ሲያንስ ሥራው ላይ ይተከላል። መሃል ላይ ሲሆን ይላቀቃል፣ ግን ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ይሠራል።

ኳሷ ናት ነገረኛዋ። አንዷን ቆርጠን በአጉሊ መነጽር አየናት። ከሽቦው ወፈር ትላለች፣ ክብ ናት፣ አንድ ጎኗ ላይ ቡናማ መስታወት የመሰለ ቅርፊት ለብሳለች። ቅርፊቷ ከየት መጣ? ይህ እኛ የምንጠቀመው ሽቦ ሲሊከንና ማንጋኒዝ ጨመር ተደርጎበታል። ዝገትና ቆሻሻ ያለበት ብረት ላይ ይረዳል፣ ለዚህም ነው ሁሉም የሚወደው። ሲሊከኑ ግን ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ መስታወት ይሆናል። በብየዳችሁ መስመር ላይ ሲበርድ ጠር ብላ የምትነሳው ቡናማ ቅርፊት እሷው ናት። ንጹህ ሲኦቱ ስትጠቀሙ ደግሞ አርጎን ከተቀላቀለበት ጋዝ ይልቅ ትበዛለች። ይህ ቅርፊት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሽቦው ጫፍ በመስታወት ተሸፍኖ ብረቱን ሲመታ ምን እንደሚሆን አስቡት። ፊደሩ ይገፋል፣ ኤሌክትሪክ የለም፣ ሽቦው ይጎብጣል። ቅርፊት ባይኖርባትም ኳስ ከሹል ጫፍ የባሰች ናት። ሹል ጫፍ ብረቱን የሚነካው በጠባብ ነጥብ ስለሆነ እዚያችው ነጥብ ላይ ሙቀቱ ይከማችና ወዲያው ይቀልጣል። ኳሷ ሰፋ አድርጋ ስለምትነካ ከጫፏ ይልቅ ከኋላዋ ያለው ቀጭን ሽቦ ቀድሞ ይግላል።

ውድ የሆኑት ማሽኖች ማቆሚያው ላይ አንድ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ሰጥተው ኳሷን ያራግፏታል። ሽቦው ሹል ሆኖ ይቀራል። በፋብሪካ ያሉ ሮቦቶችም አጠገባቸው ቶርች ማጽጃ ጣቢያ አላቸው። እዚያ ሄደው ኖዝላቸውን ያጸዳሉ፣ ሽቦአቸውን በመቁረጫ ያስቆርጣሉ። የኛዋ ማሽን ምቱ የላትም። እዚህ ላይ ነጥብ ቀንሼባታለሁ። በዚህ ዋጋ ክልል የሚሸጡ አንዳንድ ማሽኖች ስላላቸው «ርካሽ ስለሆነች ነው» የሚለውን አልቀበልም። እኛ የማቃጠያ ጊዜውን እየቀነስን ኳሷ ከሽቦው ብዙ እንዳትወፍር አድርገናታል። ከዚያ በኋላ ረዳቴ ሥራውን ከጠረጴዛው ሲያነሳ ፒንሳውን በዚያው ያሳልፋል። ቀጭ። ሥራ ማንሳቱ ካልቀረ መቁረጡ ጊዜ አይወስድም። ማን ያስታውሰዋል ነው ጥያቄው። ፒንሳውን ከቶርቹ ክንድ ጋር በሰንሰለት አስሬዋለሁ።

ሥራውን ሊወስድ ከወንበርማ የመጣ ሽማግሌ ደንበኛ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ «ልጄ፣ ራሱ ነው እንዴ የሚበይደው?» አለኝ። «ራሱ ነው አባቴ፤ ሲጀምር ብቻ ነው የሚያስቸግረው» አልኩት። «እሱማ የኔም በሬ እንደዚሁ ነው» ብሎ ሳቀ።

አሁን ወደ ሮለሮቹ። አራት ሮለር መሆኑ ጥሩ ነው። ሽቦውን ሳይጨፈልቅ ለመያዝ ያግዛል። ለጠጣር የብረት ሽቦ የቪ ቅርጽ ቦይ ያለው ሮለር ነው የሚያስፈልገው፣ የቦዩም ልክ ከሽቦው ልክ ጋር መግጠም አለበት። ለአሉሚኒየም የዩ ቅርጽ፣ ውስጡ ዱቄት ላለው ሽቦ ጥርስ ያለው። ጥርስ ያለውን ለጠጣር ሽቦ የሚጠቀም አይቻለሁ። ሽቦውን ይፍቀዋል፣ ፍቅፋቂው ላይነር (በቶርቹ ኬብል ውስጥ ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከወር በኋላ «ፊደሩ ደከመ» ይላል። ፊደሩ ምን አደረገ!

መጭመቂያውን ለመሞከር ቶርቹን ወደ እንጨት አስጠግታችሁ ሽቦውን ልቀቁት። እንጨቱ አጥብቆ ሲያግደው ሮለሩ ሊንሸራተት ይገባል። ሳይንሸራተት ሽቦው ፊደሩ ውስጥ እንደ ወፍ ጎጆ ከተጠቀለለ ከልክ በላይ ጠብቋል። በቀላሉ ከተንሸራተተ ደግሞ ላልቷል። የኛ ፊደር መጭመቂያ ክንድ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ጥሩ ነገር ነው። ክንዱ ግን ፕላስቲክ ነው፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የጥቅሉን ፍሬንም አትርሱት። አውቶማቲክ ሥራ ላይ ሽቦው ሲነሳና ሲቆም ይውላል። ፍሬኑ ከላላ ሞተሩ ሲቆም ጥቅሉ በራሱ ዞሮ ሽቦውን ያላላዋል፣ በሚቀጥለው መነሻ ያ የላላው ይጎተትና ድንገት ቀጥ ሲል ፊደሩን ይነቀንቀዋል። ከጠበቀ ሞተሩ ሲነሳ ይከብደዋል። ሲቆም ጥቅሉ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሄድ እንዲቆም፣ በጣት ሲገፋ ግን በቀላሉ እንዲዞር አድርጉት።

ቶርቹ ላይ ደግሞ ቅሬታ አለኝ። አብሮ የመጣው 5 ሜትር ነው። ሻጩ ርዝመቱን እንደ ስጦታ ነው የነገረን። ለእጅ ሥራ እሺ። ለታሰረ ቶርች ግን ርዝመት ጠላት ነው። ሽቦው ላይነሩ ውስጥ ጥብቅ ብሎ አይደለም የተቀመጠው፣ ዙሪያውን ትንሽ ክፍተት አለው። ሞተሩ ሲገፋ ሽቦው መጀመሪያ ከመታጠፊያው አንድ ግድግዳ ወደ ሌላው ይጠጋል፣ ጫፉ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከጉድጓድ ውኃ ስትቀዱ ገመዱ እስኪወጠር ባልዲው ንቅንቅ እንደማይለው ነው። ኬብሉ በረዘመና በተጠማዘዘ ቁጥር ይህ ልል ይበዛል፣ የሽቦው ጫፍ አቋቋምም ከአንዱ ብየዳ ወደ ሌላው ይለያያል። በ3 ሜትር ቶርች ቀየርነው፣ ፊደሩንም ከጠረጴዛው በላይ ሰቅለን ኬብሉ በአንድ ሰፊ ቀስት እንዲወርድ አደረግን። ከመግቢያው ፍጥነት ቀጥሎ ትልቁን ለውጥ ያየነው ከዚህ ነው።

ቲፑ ላይ አጭር ልበል። ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው እዚያ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ሽቦው አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይነካል፣ መነሻው ላይ ቲፑ ውስጥ ብልጭ ይልና ሽቦው ይጣበቃል። አብረው የመጡት ቲፖች ለስላሳ መዳብ ናቸው፣ ቶሎ ይበላሉ። ክሮምና ዚርኮኒየም የተቀላቀለበት ይሻላል። ቲፕ እየቆጠቡ ፍላንጅ ማበላሸት ግን ሒሳብ አይደለም።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። ለጠረጴዛው «አርኩ ተነስቷል፣ ዙር» ብሎ የሚነግር ምልክት ማሽኗ አታወጣም። ከኋላዋ ባለ ብዙ ቀዳዳ ሶኬት አለ። መመሪያው ላይ ስለሱ የተጻፈ ነገር የለም። የቴክኒክና ሙያ መምህር የሆነ ወዳጄ መጥቶ ለካው፣ የፊደር መቆጣጠሪያ መስመር ብቻ ነው። ማሽኗን «ለአውቶማቲክ ሥራ ትሆናለች» ብሎ ለሚሸጥ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምልክቱ ከሌለ ጠረጴዛው በጊዜ ግምት ነው የሚነሳው። ሽቦው በዘገየ ቀን ያው የጥፍር ታህል ክፍተት ይመጣል።

ወዳጄ ያገኘው መፍትሔ ርካሽ ነው። ሪድ ስዊች የሚባል አለ። ማግኔት ሲጠጋው የሚዘጋ፣ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ። የበር ማንቂያ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህን ወፍራሙ የመበየጃ ኬብል ላይ አግድም ያስሩታል። ከኬብሉ ጋር ጎን ለጎን ከሆነ አይሠራም፣ መስቀለኛ መሆን አለበት። በኬብሉ ውስጥ መቶ ምናምን አምፔር ሲያልፍ ዙሪያው ማግኔት ይሆናል፣ ስዊቹም ይዘጋል። ሆኖም ሽቦው ብረቱን ነክቶ አርክ ሳይነሳ ቢቀርም ኤሌክትሪክ ያልፋል። ስለዚህ ከስዊቹ በኋላ የጊዜ ሪሌ አስገባንበት። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ለሰከንድ ሲሶ ያህል ከቆየ ጠረጴዛው ይዞራል። በዚያች ጊዜ የቀለጠው ብረት ቦታውን ይይዛል፣ መነሻውም ቀዝቃዛ አይሆንም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሙሉ ዙሩን አልፎ ትንሽ እንዲደርብ አድርገነዋል።

በማሽኗ የማላመካኘው አንድ ነገር አለ። የሚዞር ጠረጴዛ የሠራችሁ ሁሉ ግራውንዱን (ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን ኬብል) የት እንዳሰራችሁት እዩ። የጠረጴዛው እግር ላይ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሥራው የሚደርሰው በኩሽኔታው በኩል ነው። ኩሽኔታ ውስጥ ቅባት አለ፣ ኳሶቹ ይሽከረከራሉ፣ መንገዱ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። አርኩ በፈለገው ጊዜ ይነሳል፣ ኩሽኔታውም ተቃጥሎ ይበላል። የጭነት መኪና ሞተሪኖ ካርቦኖች ሰብስበን ከነስፕሪንጋቸው የጠረጴዛው ሆድ ላይ እንዲጫኑ አድርገናል። ግራውንዱ እነሱ ላይ ነው። ሥራው ላይ ያለውን ጥቁር ቅርፊትና ቀለምም መነሻው ላይ በግራይንደር ማንሳት አይቀርም። ቀለም ላይ የሚነሳ አርክ የለም፣ ማሽኑ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን።

ማሽኗን ላመስግን አሁን። ጎረቤታችን ወፍጮ ቤት ነው። በገበያ ቀን የወፍጮው ሞተር ሲነሳ አምፖላችን ደብዘዝ ይላል። የድሮው ማሽናችን ፊደር በዚያ ሰዓት ሽቦውን ያዘገየው ነበር፣ ብየዳው ሲንተፋተፍ ይሰማል። የአዲሷ ፊደር ሞተር ፍጥነቱን የሚለካ ኢንኮደር አለው። ሲቀንስ ራሱ ይጨምራል። ለማጣራት ቀላል ዘዴ አለ። አርክ ሳትፈጥሩ ሽቦውን ለ6 ሰከንድ ልቀቁት፣ የወጣውን በሜትር ለኩ፣ በ10 አባዙት። በደቂቃ የሚሄደው ይኸው ነው። ወፍጮው ሲሠራም ሲቆምም ለካን፣ ያው ነው። ማሳያዋ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን ይዋሻል። 8 ሲል በሜትር ሰባት ተኩል ገደማ ነው። ቢዋሽም ሁሌም በዚያው ልክ ነው፣ ስለዚህ ችግር የለብኝም።

ክረምታችን ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚህ ያለውን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጥቅሉ ፊደሩ ላይ እንዳደረ ሽቦው ነጥብ ነጥብ ዝገት ያወጣል። የዛገ ሽቦ ላይነሩን ይፍቃል፣ ቲፑ ውስጥም በደንብ አይነካም። የፊደሩ ክዳን ዙሪያ ጎማ ስለሌለው እርጥበት እንደ ልቡ ይገባል። ማታ ማታ ጥቅሉን አውጥተን በፕላስቲክ ጠቅልለን እናሳድረዋለን። ከሮለሩ በፊት ደግሞ ሽቦውን የሚጠርግ ቁራጭ ጨርቅ በልብስ መቆንጠጫ ይዘናል። ጨርቁ ማታ ላይ ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያ ሁሉ ላይነሩ ውስጥ ሊገባ ነበር።

አንዳንድ ሰው «ሽቦውን ወደ ኋላ የሚመልሰውን ማሽን ለምን አትገዛም?» ይለኛል። አለ፣ አውቃለሁ። ሽቦው በትንሽ ኤሌክትሪክ ብረቱን ይነካል፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ሲላቀቅ ትንሽ አርክ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይሄዳል። ፍንጣሪ የለም ማለት ይቻላል። የኦስትሪያው ፍሮኒየስ ይህንን ወደፊትና ወደኋላ መሄድ በመነሻው ብቻ ሳይሆን በብየዳው ሁሉ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚያደርግበት ሲኤምቲ የሚባል ዘዴ አለው። ለዚህ ቶርቹ አጠገብ የተቀመጠ ፈጣን ሞተር ያስፈልጋል፣ ከ5 ሜትር ኬብል ማዶ፣ ፊደሩ ውስጥ ያለ ሞተር ሽቦውን እንዲህ አያንቀሳቅሰውም። ስስ ላሜራና አሉሚኒየም ለሚበይድ ፋብሪካ ግሩም ነው። 6 ሚሊ ሜትር ፍላንጅ ለሚበይድ የቡሬ ወርክሾፕ ግን ገንዘቡን ሌላ ጠረጴዛ መሥሪያ ባደርገው እመርጣለሁ።

ታዲያ ትገዛ ወይስ አትገዛ? በእጅ ለምትበይዱ ብዙም አላጓጓም፣ ከሷ የሚረክሱ ይበቃችኋል። ክብ ሥራ ለሚደጋግም፣ ካቻቢቴ ይዞ ለመነካካት ለማይሰንፍ፣ ሪድ ስዊች የሚያስርለት ወዳጅ ላለው ትሆናለች። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣታለሁ። የአርክ ምልክት ብታወጣና ማቆሚያው ላይ ኳሷን ብታራግፍ አራት ተኩል እሰጣት ነበር። ተኩሏን አሁንም እይዛታለሁ፣ ለመመሪያው። «ሽቦ ያለ ፍርሃት ይግቡ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት መመሪያ ሙሉ ነጥብ አይገባውም።

ወደ ፕላስቲኩ ክንድ ልመለስ ብያለሁ። ተሰንጥቋል። በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይጥለው። መለዋወጫ ጠየቅን፣ «ከነፊደሩ ነው የሚሸጠው» ተባልን። ቶርኖ ቤት ወስደን ከአሉሚኒየም አስቀረጽነው፣ ከመጀመሪያው ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ የጎን ክዳኑን አስከፍቱና ሁለቱ የካቻቢቴ መቆጣጠሪያዎች መኖራቸውን እዩ። የቲፑ ክር ገበያ ላይ ከሚገኘው ጋር መግጠሙን ሞክሩ። ለ1.2 ሽቦ የሚሆነው ሮለርም ካርቶኑ ላይ «አብሮ አለ» ቢልም፣ የኛው ውስጥ አልነበረም። ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑን አስፈቱት።